ምዕራፍ ስድስት፦ የማያርፍ እግር

ጂም ውስጥ ከተደረደሩት ማሽኖች ሁሉ ለእግር ይራራል የሚባለው ኤሊፕቲካል ነው። ጉልበቱን የሚያመውን፣ ወገቡን የተጎዳውን፣ ክብደት ጨምሮ ሩጫ የከበደውን ሁሉ አሰልጣኙ የሚመራው ወደዚያው ነው። «እግሬን አደነዘዘኝ» የሚል ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚወርደው ከዚሁ ከርኅሩኁ ማሽን ላይ ነው።

አካሄዱ ከሰው ሰው ብዙም አይለያይም። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ሰላም ናቸው። ከዚያ ትንንሾቹ ጣቶች አካባቢ ውርር የሚል ነገር ይጀምራል፤ ካልሲው የታጠፈ ይመስላል። ሃያኛው ደቂቃ ላይ ከጣቶቹ ሥር ያለው የእግር መርገጫ የሌላ ሰው ይሆናል። ትንፋሽ ደህና ነው፣ ጉልበትም አላመመም፤ እግር ብቻ የለም። ሰውየው ወርዶ ጥቂት ሲንጎራደድ እየነዘረው ይመለስለታል። በሌላ ቀን ሲመጣም እዚያው ደቂቃ ላይ ይደገማል። ይኸው ሰው አስፋልት ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢሄድ ምንም አይለውም።

የብዙ ሰው የመጀመሪያ ጥርጣሬ ደም ነው። «ደሜ አልዘዋወር አለ» ይላል፤ ቀጥሎ ልቡን ይጠረጥራል፤ ከዚያ ስኳር ለመለካት ይሄዳል። ጥርጣሬው እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ ወደ ኋላ እንመጣበታለን። አብዛኛውን ጊዜ ግን ምክንያቱ እዚያው ማሽኑ ላይ ነው። ማሽኑ ለጉልበት ብሎ ምቱን ሲያስቀር ከእግርም አንድ ነገር ነጥቋል፤ ዕረፍቱን።

ሰው ሲራመድ እያንዳንዱ እግር ከአንድ ሙሉ ዑደት 60 በመቶ ያህሉን መሬት ላይ፣ የቀረውን 40 በመቶ አየር ላይ ያሳልፋል። አየር ላይ የሚቆይባት ጊዜ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አትሞላም፤ ግን ትደጋገማለች። በደቂቃ 110 እርምጃ የሚሄድ ሰው እያንዳንዱን እግሩን በደቂቃ 55 ጊዜ፣ በግማሽ ሰዓት 1,650 ጊዜ ያነሳል። ባነሳ ቁጥር መርገጫው ላይ ያለው ጫና ይለቀቃል፣ የተጨመቁት ጥቃቅን የደም ሥሮች ይከፈታሉ፣ ጣቶች ይፍታታሉ፣ እግር ጫማው ውስጥ ጥቂት ቦታ ይቀይራል። ሩጫ ላይማ እግር ከመሬት ይልቅ አየር ላይ የሚቆይበት ጊዜ ይበልጣል። ሯጭ በረገጠ ቁጥር ከክብደቱ ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚሆን ኃይል ያርፍበታል፤ ነገር ግን ወዲያው ይለቀዋል።

ኤሊፕቲካል ላይ እግር ከፔዳሉ አይነሳም። የማሽኑ ጥበብ ሁሉ ይኸው ነው። ፕሪኮር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1995 እ.ኤ.አ. ኢኤፍኤክስ የሚባለውን ማሽን ለገበያ ሲያቀርብ ይዞ የመጣው ሐሳብ የሩጫን እንቅስቃሴ ያለ ሩጫ ምት መስጠት ነበር። እግር ካልተነሳ አይወድቅም፤ ካልወደቀ ጉልበትን አይመታም። ጉልበትና ዳሌ በዚህ አተረፉ። የፊት መርገጫው ግን በግማሽ ሰዓት 1,650 ጊዜ ሲያገኝ የኖረውን ዕረፍት በአንዴ አጣ። የሚያርፍበት ጫና ከሩጫው በብዙ ያነሰ ነው፤ ማቋረጫ ግን የለውም።

ሌሊት ቆሞ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማመን ማሽን ላይ መውጣት አያስፈልገውም። ማኅሌት የሚቆሙ ሊቃውንት መቋሚያቸውን የሚይዙት ለዝማሜው ብቻ አይደለም፤ ይደገፉበታል፣ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውሩበታል። ቅዳሴ የሚያስቀድሰውም ሰው ሳያስበው ተረከዙን ያነሳል፣ ይጥላል፣ ጣቶቹን ይኮረኩማል። ቆሞ ያለ ሰው እግሩ ሲጨንቀው እንዲህ ያለ ነጻነት አለው። ማሽን ላይ የወጣው ግን እጁ መያዣው ላይ፣ ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ እግሩ ፔዳሉ ላይ ተተክሎ ይቀራል።

የዕረፍት መቅረት ለምን በድንዛዜ እንደሚገለጽ ለማወቅ ነርቭን ራሱን ማየት ያስፈልጋል። ነርቭን እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ አድርጎ መሳል የተለመደ ነው፤ ሥዕሉ ግን አንድ ነገር ይደብቃል። ሽቦ አይበላም። ነርቭ ግን ሕያው ነው፣ በውስጡ የሚሄዱ የራሱ ጥቃቅን የደም ሥሮች አሉት፣ መልእክት ማስተላለፉን ለመቀጠል ያለማቋረጥ ኦክስጅን ይፈልጋል። በላዩ ላይ ጫና ሲበዛ በቅድሚያ የሚዘጉት እነዚያ ጥቃቅን ሥሮች ናቸው።

በ1931 እ.ኤ.አ. ለንደን በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሰር ቶማስ ሉዊስ ከባልደረቦቹ ከፒከሪንግና ከሮትሽልድ ጋር ሆኖ ይህን የሚያሳይ ጥናት አሳተመ። ዘዴው ማንም የሚረዳው ነው። የደም ግፊት መለኪያውን መጠቅለያ ክንድ ላይ ማሰር፣ ደም እስኪቆም መንፋት፣ ከዚያ መጠበቅ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እጅ እንደ ወትሮው ይሰማዋል፣ እንደ ወትሮውም ይታዘዛል። ሩብ ሰዓት ገደማ ሲሆን የጣቶቹ ጫፎች መደንዘዝ ይጀምራሉ፤ ድንዛዜው ከጫፍ ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል። ቀድሞ የሚጠፋው ስሱ የመዳሰስ ስሜት ነው፤ የሕመም ስሜት ቆይቶ ነው የሚሄደው። መጠቅለያው ተፈትቶ ደም ሲመለስ ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው መጠቅጠቅና መንዘር ይመጣል።

ማሽን ላይ ደም እንዲህ ፈጽሞ አይቆምም፤ ጫናውም ያለው በአንድ ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ቢሆንም የሉዊስ ሙከራ ጂም ውስጥ ለሚታዩ ሦስት ነገሮች መልስ አለው። ድንዛዜው ወዲያው የማይመጣው ነርቭ የተወሰነ ጊዜ መታገስ ስለሚችል ነው። እግሩ የደነዘዘው ሰው ጠጠር ቢወጋው የሚሰማው ሕመም የሚያደርሱት ቀጫጭን የነርቭ ጭረቶች ከወፍራሞቹ ዘግይተው ስለሚሸነፉ ነው። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ነው። ከማሽኑ ሲወርዱ የሚመጣው መንዘር የመባባስ ምልክት ይመስላል፤ እውነቱ ግን ነርቩ ነፍስ ሲዘራ ሥርዓት የሌለው መልእክት መልቀቁ ነው። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይረጋጋል።

ሥጋቱ ያለው ድግግሞሹ ላይ ነው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኸርበርት ሴደን በ1943 እ.ኤ.አ. የነርቭ ጉዳቶችን በሦስት ደረጃ ሲከፍል ዝቅተኛው ላይ ያስቀመጠው ነርቩ ሳይበጠስ መልእክት ማስተላለፍ ብቻ ያቆመበትን ነው። የማሽኑ ድንዛዜ ከዚህ ደረጃ እንኳ በታች ያለ፣ ቶሎ የሚያልፍ ጥላው ነው። ያው ነርቭ በዚያው ቦታ ለወራት ሲጨመቅ ግን ሰውነት ዝም ብሎ አያይም፤ በዙሪያው ጠባሳ ይሠራል።

ያ ጠባሳ በጣም የታወቀ አድራሻ አለው። ከአውራ ጣት ጀምረን ብንቆጥር በሦስተኛውና በአራተኛው ጣት መካከል። እዚያ ጋ ለሁለቱ ጣቶች ስሜት የሚያደርሰው ነርቭ በረጃጅሞቹ የእግር አጥንቶች ራሶች መካከል ያልፋል፤ አጥንቶቹን እርስ በርስ የሚያያይዝ አግድም ጅማትም በላዩ ላይ አለ። ተረከዝ ተነስቶ ጣቶች ወደ ላይ ሲታጠፉ ነርቩ ተወጥሮ ከዚያ ጅማት ጋር ይታሻል። ጠባብ ጫማ ሲጨመርበት አጥንቶቹም ከጎንና ከጎን ይጠጋሉ። በ1845 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የእግር ሐኪም የነበረው ሉዊስ ደርላቸር ስለዚህ ሕመም ጽፎ ነበር፤ ስሙ ግን የተሰጠው ከ31 ዓመት በኋላ በ1876 ፊላደልፊያ ላይ ላተተው ለቶማስ ሞርተን ነው። ሕክምናው ዓለም እስከ ዛሬ «የሞርተን ኒውሮማ» ይለዋል። ደርላቸር ተበድሏል። በሽታው ራሱም ቢሆን በስሙ ተበድሏል፤ ኒውሮማ ሲባል ዕጢ ይመስላል፣ እውነቱ ግን በተደጋጋሚ መታሸት የወፈረ የነርቭ ሽፋን ነው። የያዘው ሰው ጫማው ውስጥ ጠጠር የገባ ይመስለዋል፤ አውልቆ ቢያራግፍ ምንም አይወርድም፤ እግሩን ሲያሸው ደግሞ ይሻለዋል።

አሁን አንድ ሰው ኤሊፕቲካል ላይ ሆኖ ከጎኑ ይታይ። ሲደክመው ወደ ፊት ይደገፋል። ሲደገፍ ተረከዙ ከፔዳሉ ይነሳል፣ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት መርገጫው ይሄዳል፣ ጣቶቹ ይታጠፋሉ። በጫማው ውስጥም ሚዛን ለመጠበቅ ብሎ በጣቶቹ ፔዳሉን ቆንጥጦ ይይዛል። ሞርተን የገለጸው ነርቭ የሚጨነቅበት አቋም በትክክል ይኸው ነው። ደረጃ መውጫው ማሽን ላይም እንዲሁ ነው፤ ብዙ ሰው የእግሩን ግማሽ ከደረጃው ውጭ ትቶ በጣቶቹ ይወጣል።

ስለ ጫማ መነጋገር ግድ ነው፤ ከማሽኑ ቀጥሎ ትልቁ ተጠያቂ እሱ ነው። እግር በእንቅስቃሴ ያብጣል። ይሞቃል፣ ደም ይበዛበታል፣ ፈሳሽ ወደ ታች ይወርድበታል። ጠዋት ሱቅ ውስጥ ልክ የነበረ ጫማ ግማሽ ሰዓት ከተሠራ በኋላ ልክ አይደለም። መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ ጫማ ሻጭ «ሲለበስ ይሰፋል» ማለቱ አይቀርም። ቆዳ በወርድ ጥቂት ሊሰጥ ይችላል፤ በርዝመት የሚጨምር ጫማ ግን የለም፤ የዛሬዎቹ ስፖርት ጫማዎች ጨርቅና ሙጫም ብዙ የሚሰጡት ነገር የላቸውም። ስለዚህ ጫማ የሚገዛው ከሰዓት በኋላ፣ ሊሠሩበት ባሰቡት ካልሲ፣ ቆመው ለክተው ነው። ከረጅሙ ጣት ፊት አንድ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ መቅረት አለበት፤ ረጅሙ ጣት ደግሞ በሁሉም ሰው ዘንድ አውራ ጣት አይደለም። ወርዱን ለመፈተሽ ወረቀት ላይ ባዶ እግርን ቆሞ በእርሳስ መክበብና ጫማውን በላዩ ማስቀመጥ ይበቃል። የእርሳሱ መስመር ከጫማው ውጭ ከታየ፣ እግር በየቀኑ ወደዚያ ቅርጽ እየተገፋ ነው ማለት ነው።

ቦንዳ ጫማ የሚገዛ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቅ። የታወቀ ስም ያለበት ጫማ በርካሽ ማግኘት ደስ ይላል፣ አልቃወምም። ነገር ግን በውስጡ ያለው ስፖንጅ በሌላ ሰው እግር ቅርጽ ተረግጦ ሞቷል፤ ዕድሜም ያደርቀዋል። ላዩ አዲስ ሆኖ ታቹ እንጨት ሊሆን ይችላል። በአውራ ጣት ጠንከር አድርጎ መጫን ነው፤ ካልተመለሰ ለመንገድ እንጂ ለማሽን አይሆንም።

ማሰሪያውም የራሱ ጥፋት አለው። ጥልቁ የሚባለው የቅልጥም ነርቭ ከቁርጭምጭሚት በታች በእግር ጀርባ በኩል አልፎ በአውራ ጣትና በሁለተኛው ጣት መካከል ላለች ጠባብ ቦታ ስሜት ያደርሳል። እግር ጀርባ ላይ ሥጋ የለም፤ ከቆዳው ሥር ወዲያው ነርቭና አጥንት ነው። ጫማ ከረገበ ይወልቃል ብሎ ጥብቅ አድርጎ የሚያስር ሰው ይህን ነርቭ ከአጥንት ጋር ያጣብቀዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው። ድንዛዜው በላይ በኩል ወይም በነዚያ ሁለት ጣቶች መካከል ከሆነ ቅድሚያ የሚጠረጠረው ማሰሪያው ነው። ሕመሙ ያለበት ቦታ ላይ ያለውን አንድ ጥንድ ቀዳዳ ሳያስገቡ ዘሎ ማሰር ብቻውን ብዙ ሰው ይገላግላል። በዚህ ምዕራፍ ውስጥ ምንም ወጪ ከሌላቸው መፍትሔዎች አንዱ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ይሞከር የምለውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ መሞከር የሌለበት ደግሞ ብዙ ሰው የሚቸኩልበት ነው፤ ጄል ያለበት ንጣፍ ገዝቶ ጫማ ውስጥ መክተት። ለስላሳ ነገር ጫና ይቀንሳል የሚለው ሐሳብ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ጫማው ውስጥ ያለው ቦታ የተለካ ነው። ንጣፉ ከሥር በጨመረው ውፍረት ልክ እግር ወደ ላይ ይገፋና ማሰሪያው ይጠብቃል፣ ጣቶች ጣሪያ ይነካሉ። ድንዛዜው የመጣው ከጥበት ከሆነ ንጣፉ ያባብሰዋል። ጨምረው የሚደርቡት ወፍራም ካልሲም እንዲሁ። ንጣፍ የሚያስፈልገው ሰው ቢኖር የቀድሞውን አውጥቶ ይተካ። የሞርተን ዓይነት ሕመም ላለበት ሰው የሚረዳው ደግሞ ከሚያመው ቦታ ትንሽ ወደ ተረከዝ በኩል፣ ከአጥንቶቹ ራሶች ኋላ የሚቀመጥ ትንሽ ትራስ ነው፤ አጥንቶቹን ከፈት ያደርጋቸዋል። ሰው ግን ሲያመው ትራሱን በሚያመው ቦታ ሥር ነው የሚያደርገው፣ ነርቩንም የባሰ ያስጨንቀዋል።

ማሽኑ ላይ የሚደረገው ነገር አንድ ዓላማ አለው፤ የተነጠቀውን ዕረፍት መመለስ። ተረከዝን ፔዳሉ ላይ ማሳረፍና ክብደትን ወደ ኋላ መጎተት ዋናው ነው። በየጥቂት ደቂቃው ጣቶችን ጫማው ውስጥ ማንቀሳቀስ፣ እግርን ፔዳሉ ላይ ጥቂት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማዛወር፣ ለአንድ ደቂቃ አቅጣጫ ቀይሮ ወደ ኋላ መሄድ ጫናው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ እንዳይቀር ያደርጋሉ። ድንዛዜው በ15ኛው ደቂቃ ላይ የሚመጣበት ሰው በ10ኛው ላይ ወርዶ አንድ ደቂቃ ቢራመድ ቆጣሪው ወደ ዜሮ የተመለሰ ያህል ነው። ሠላሳ ደቂቃ በሦስት ቢከፈል ለልብ ምንም አይጎድልበትም። የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ ደግሞ የእግሩን ማሰሪያ ቀበቶ ማላላት፣ ፔዳሉን ከጣቶቹ ጫፍ ትንሽ ወደ መካከለኛው መርገጫ ማስገባት፣ ማርሹንም መቀነስና ቶሎ ቶሎ ማሽከርከር ያስፈልጋል። ብስክሌት ላይ ሶሉ የሚተጣጠፍ ለስላሳ ጫማ አይመከርም፤ ትንሿ ፔዳል ሶሉን አልፋ እግርን ትጫናለች። ይህ ሁሉ ሲሞከር ግን በአንድ ቀን አይሁን። ማሰሪያውን አላልቶ፣ ጫማ ቀይሮ፣ አቋም አስተካክሎ የተሻለው ሰው የትኛው እንዳሻለው አያውቅም።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ማሽን ላይ ለሚመጣና ከማሽን ሲወርዱ ለሚሄድ ድንዛዜ ነው። ከዚህ የሚያፈነግጥ ድንዛዜ ምንጩ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ማሽኖቹን እርስ በርስ ማነጻጸርም ምንጩን ለመገመት ያግዛል።

ትሬድሚል ላይ ቀጥ ብሎ ሲሄድ እግሩ የሚደነዝዝና የሚዝል፣ ብስክሌት ላይ ጎንበስ ብሎ ሲቀመጥ ግን የፈለገውን ያህል የሚሠራ በዕድሜ የገፋ ሰው አለ እንበል። የዚህ ሰው ችግር እግሩ ላይ የመሆኑ ዕድል ትንሽ ነው። በጀርባ አጥንት ውስጥ ነርቮች የሚያልፉበት ቦይ በዕድሜ ሲጠብ፣ ቀጥ ብሎ መቆም ይበልጥ ያጠበዋል፣ መጎንበስ ደግሞ ያሰፋዋል። እንዲህ ያለው ሰው ሱፐርማርኬት ውስጥ ጋሪ ተደግፎ ሲሄድ ደህና ይሆናል፤ ጋሪውን ሲተው ይመለስበታል። የደም ቅዳ ቧንቧው የጠበበ ሰውም ሲሄድ ባቱን ይዞት ይቆማል፤ እሱ ግን ብስክሌትም ላይ ያመዋል፣ ለመዳንም መጎንበስ አያስፈልገውም፣ ቆሞ ቢጠብቅ ይበቃዋል። ሲጋራ የሚያጨስ ወይም ስኳር ያለበት ከሆነ፣ እግሩም ከሌላው ቀዝቀዝ የሚል ከሆነ፣ ይህኛውን አስቀድሞ ማጣራት ይሻላል።

ከወገብ የሚወርድ ነርቭ ዲስክ ሲጫነው ደግሞ ድንዛዜው በመስመር ይመጣል። አምስተኛው የወገብ ነርቭ ከሆነ በእግር ጀርባና በአውራ ጣት በኩል፣ ከሥሩ ያለው ከሆነ በእግር ውጫዊ ጠርዝና በትንሿ ጣት በኩል። ሲያስሉ ወይም ሲያስነጥሱ የሚነዝር ከሆነ ጫማ በመቀየር ጊዜ ማባከን አያስፈልግም። በውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ሲጨመቅ ደግሞ የውስጥ እግር ያቃጥላል፣ ማታ ማታም ይብሳል፤ ቦታውን በጣት መታ መታ ሲያደርጉት ወደ መርገጫው ይነዝራል።

ወጣት ሯጮችና ወታደሮች ላይ የሚታይ ሌላ ዓይነት አለ። ቅልጥም ፊት ለፊት ያሉት ጡንቻዎች በማይለጠጥ ሽፋን የታሸጉ ናቸው፤ በሥራ ላይ ሲያብጡ መሄጃ ያጣሉ፣ በመካከላቸው የሚያልፈውም ነርቭ ይጨነቃል። መለያው ሰዓቱን አለመሳቱና ከድንዛዜው ጋር ቅልጥም እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ማመሙ ነው። ሐኪሞች ጡንቻው ውስጥ መርፌ አስገብተው ግፊቱን ይለካሉ፤ ተመራማሪው ፔዶዊትዝና ባልደረቦቹ በ1990 እ.ኤ.አ. ባስቀመጡት መለኪያ መሠረት ከእንቅስቃሴ በፊት 15፣ ካቆሙ ከአንድ ደቂቃ በኋላ 30፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግሞ 20 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሚለው ከሦስቱ አንዱ እንኳ ከተሟላ ሕመሙ አለ ይባላል። ትሬድሚሉን ዳገት አድርጎ የሚሠራ ሰው ይህን ጡንቻ ይበልጥ ስለሚያሠራው ምልክቱ ቶሎ ይገለጥበታል።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚገባው ግን ከማሽን ሲወርዱ የማይሄደው፣ በሁለቱም እግር እኩል የሆነው፣ ከጣቶች ጀምሮ ካልሲ እንደተጠለቀ ወደ ላይ የሚወጣው ድንዛዜ ነው። ይህ የስኳር በሽታ ዓይነተኛ መልክ ነው። ማሽኑ አላመጣውም፤ አጋልጦት ሊሆን ግን ይችላል። ሐኪሙ በ10 ግራም ኃይል የምትታጠፍ የናይለን ክር መርገጫው ላይ እየነካ ይፈትሸዋል፤ ክሯን ያልሰማ እግር ቁስሉንም አይሰማም። ስኳር ያለበት ሰው ከጂም ተመልሶ እግሩን ከሥርም ከጣቶቹም መካከል በዓይኑ ማየት፣ ጫማውንም ከመልበሱ በፊት ውስጡን በእጁ መዳሰስ አለበት። ሜትፎርሚን ለዓመታት የሚወስድ ሰው ደግሞ ቢ12 ቫይታሚኑን ያስለካ፤ መድኃኒቱ ሊቀንሰው ይችላል፣ ጉድለቱም ያንኑ ድንዛዜ ያመጣል። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። ጉበት የዓመታት ስንቅ ስለሚይዝ አንድ ሁዳዴ ብቻውን ለዚህ አያበቃም፤ የፍስክ ምግብ ለዓመታት የማይቀምስ ሰው ግን ሊጎድልበት ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ከሆኑት አንዱ አይሶናያዚድም ቢ6ን በማጉደል እግር ያደነዝዛል፤ ቢ6 አብሮ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። መድኃኒት ላይ ያለ ሰው እግሩ ከደነዘዘ ራሱ ያቋርጥ አልተባለም፤ ለሐኪሙ ይናገር።

ቀጠሮ የማይጠብቁትም አሉ። ድንገት በአንድ ወገን እጅና እግር ሲደነዝዝ ወይም ፊት ሲጣመም፤ መቀመጫ አካባቢ ሲደነዝዝና ሽንት መያዝ ወይም መሽናት ሲያቅት፤ አንድ እግር ድንገት ነጥቶ ሲቀዘቅዝ፤ የእግር ፊት አልነሳ ብሎ መሬት ሲጎተት። እነዚህ የዚያኑ ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱ ናቸው።

ለቀረው ሁሉ ሐኪም ዘንድ «እግሬ ይደነዝዛል» ብሎ መቅረብ ብዙ አያስኬድም። የትኛው ጣት፣ ከላይ ነው ከሥር፣ አንዱ እግር ነው ሁለቱም፣ በስንተኛው ደቂቃ፣ በየትኛው ማሽን ላይ፣ ሲወርዱ በስንት ጊዜ ይሄዳል፤ ይህን በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ጽፎ መሄድ ነው። የሚሠሩበትን ጫማም ይዘው ይሂዱ። ሶሉ የተበላበት ቦታ ክብደትዎ የት እንደሚያርፍ ለሐኪሙ ያሳየዋል።